ክርክር

አባ፣
ባለፈው በስልክ፣ መሥመሩ እየተቆራረጠ፣
«አትመርምሪ ልጄ» ያሉኝ ቃል ከጆሮዬ ተቀመጠ።
«የጠየቀ ልብ ይነቅዛል፣ እንደ ሰነበተ ሽንብራ።»
እሺ ብዬ ዘጋሁ። እዚህ ሙሐረቅ ግን፣ ሌሊትም ቀን ነው ለሥራ፤
በየሁለት ሰዓቱ ሽማግሌውን በጎኑ አገላብጣለሁ፣
ጀርባው እንዳይቆስል፤
እሱን ባስተኛሁ ቁጥር እኔ እነቃለሁ።

ክርስትና ሲያነሡኝ «ወለተ ሐና» አሉኝ፤
ለእናቴ ማዘንጊያ ነኝ፤
ፓስፖርቱ ግን «ዘምዘም» አለኝ።
ኮምቦልቻ፣ ከፎቶ ቤቱ ጓሮ፣
ማተቤን የቆረጠው ደላላው ጌጡ ነው፤
እሱም ባለማተብ፣ ሸሚዙን እስከ ጉሮሮው ቆልፎ፤
«እምነት በልብ፣ ቪዛ በአንገት» አለኝ፣ ብጣሹን ከእጁ አራግፎ።

ያን ቀን ነው፣ አባ፣ ጥያቄው የበቀለው።
መብረቅ አልወረደም። ጌጡም አልተደፋ።
ሻይ ጠጣን፤ ሒሳቡን እኔ ከፈልኩ።
አንገቴ ላይ ነጭ መሥመር ቀረ፣ ለመጥቆር ስድስት ወር የፈጀ፤
ታዲያ ያ ክር እግዜር ነበር፣
ወይስ ጥጥ፣ ሰው ያበጀ?

ዐርብ ዐርብ መናማ እሄዳለሁ፣ ስንዱ ክፍል እንጸልያለን፤
አሥራ አንድ ሴት፣ አንድ መስኮት፣ በሹክሹክታ እንዘምራለን።
አንዴ ብጠይቅ፦ «አፀደ ከሦስተኛ ፎቅ ስትወድቅ፣
መልአኳ የት ቆሞ ነበር?»
ስንዱ ሻሿን አጠበቀች።
ከዚያ ወዲህ ደጅ ላይ ጫማዬን ሳወልቅ፣
ውስጥ ያለው ወሬ ቀጥ ይላል።

ሽማግሌው ሐጂ ኻልፋን ይባላል።
ባሕሩ ድሮ ደጁ ድረስ ይመጣ ነበር፤
ዛሬ ተደፍኖ አስፋልት ነው።
ከሱቅ ጨው ገዝቼ በሳፋ እበጠብጥለታለሁ፣ እግሩን እንዲነክር፤
ባሕር አለመሆኑን ያውቃል።
ጣቶቹን ግን ያወራጫል፣ እንደ ሕፃን፣ ያለ ነገር።

አንድ ሌሊት፣ አዛን ሊል ጥቂት ሲቀረው፣
ሳፋውን ሳነሣ እጄን ያዘና፦
«ዘጠኝ ዓመቴ ነበር» አለ። «አባቴ ሉል ጠላቂ፣
እኔ ከጀልባው ላይ ሆኜ ገመዱን ጠባቂ።
ሲነቀንቀው ልስብ።
አልነቀነቀም።
ስስበው ገመዱ ቀለለኝ። ጫፉ ላይ ውሃ ብቻ።
ይኸው ሰማንያ ዓመት፣ በቀን አምስት ጊዜ እሰግዳለሁ፤
በቀን አምስት ጊዜ፣ ለምን? ብዬ እጠይቃለሁ።»
«መለሰልህ?»
«ገና ነው።»
«ታዲያ ለምን ትሰግዳለህ?»
ጥርስ በሌለው ድዱ ሳቀ፣
ልክ ሞኝ ነገር እንደጠየቅኩት ሁሉ፦
«ሌላ ማንን ልጠይቅ?»

ቆይቶ ደግሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፦
«ጎበዝ ጠላቂ ጠዋት ጠዋት ገመዱን በጣቱ ይዳብሳል፤
የላላ አለ? የበላው ጨው አለ? ብሎ ይፈትሻል።
ሳይዳብስ የሚዘለውን አማኝ
አንለውም ነበር፤
ሟች።»

አባ፣ ይህን ያለኝ እርስዎ አረመኔ የሚሉት ሰው ነው።
እኔ የእሱን ሃይማኖት አልያዝኩም፣ እሱም ያዢ አላለኝም፤
ጥያቄውን ብቻ ነው ያወረሰኝ።

ትናንት የአባያዬ ጠርዝ ተተረተረ።
ሁለት ክር መዘዝኩ፣ ጭኔ ላይ ገመድኳቸው፤
አንዱ ለብቻው ሲጎተት ጠብ ይላል፤
ክር በክር ላይ ሲዞር ግን፣
ክር፣ ክር፣
እጄን ቆረጠኝ እንጂ አልተበጠሰም።
ክርክር ያሉት ሰዎች ለካ ፈታይ ኖረዋል።

አንገቴ ላይ ግን አላሰርኩትም። ኪሴ ውስጥ ነው።
አስሬው የማድር ሌሊት አለ፣ ፈትቼ የምጥለው ሌሊት አለ፣
ተመልሼ በባትሪ ከአልጋ ሥር የምፈልገውም አለ።

ቢቆጡኝም ይደውሉ።
አሁን ሁለት ሰዓቱ ሞላ፣ ላገላብጠው ልሂድ።
መሥመሩ ዝም ካለ ጥለሽኝ ሄድሽ አይበሉኝ፤
ከተነቃነቀ ግን፣
እኔ ነኝ፤
ይሳቡ።